የአዲስ ሞተር ሳይክል አገራር

የመጀመሪያዎቹ 1,000 ኪሎ ሜትሮች ለነጋዴውና ለባለ ሱቁ ያላቸው ዋጋ

በደቡብ ኦሞ ዞን፤ በሰላማጎ ወረዳ፤ በሃና ከተማ የሚነግድ ሰው አብዛኛውን ሸቀጡን ከጂንካ የሚያስመጣው በጭነት መኪና ነው። መኪናው ካራገፈ በኋላ ግን ሌላ ሥራ ይጀመራል። ሳሙናውንና ጨውን፤ የባትሪ ድንጋዩንና ጨርቃ ጨርቁን መኪና ወደማይገባበት መንደር ማዳረስ፤ ከዚያም የሰሊጥና የማር ናሙና ይዞ መመለስ ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ የተመቸው ሞተር ሳይክል ነው። የቀድሞው ሲራራ ነጋዴ በቅሎውን ተማምኖ ይወጣ እንደ ነበረ ሁሉ፤ የዛሬውም የቆላ ነጋዴ ሞተሩን ተማምኖ ይወጣል። በቅሎ ግን ከመጫኗ በፊት ትገራ ነበር፤ በገዛት ማግስት ሙሉ ጭነት ጭኖ ወደ ሩቅ አገር የሚነዳት አስተዋይ ነጋዴ አልነበረም። አዲስ ሞተርም መገራት እንዳለበት ብዙ ሰዎች ሰምተዋል፤ እንዴት እንደሚገራና ስለምን እንደሚገራ በሚገባ የተረዱት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ይህን የመግራት ሥራ መካኒኮች «ሮዳጅ» ይሉታል። ቃሉ ከጣልያንኛው «ሮዳጆ» የመጣ ነው። በጣልያን አገር በቀድሞ ዘመን አዲስ መኪና የገዛ ሰው ቀስ ብሎ ስለሚነዳ፤ ከበስተኋላው የሚመጡት እንዲታገሡት «በሮዳጆ ላይ» የሚል ጽሑፍ በኋላው መስተዋት ላይ ይለጥፍ ነበር። በዚያ ዘመን የሞተር ክፍሎች የሚሠሩበት መሣሪያ እንደ ዛሬው የረቀቀ ስላልነበረ፤ መኪናው ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በዝግታ መነዳት ያስፈልገው ነበር። ዛሬ የፋብሪካዎች አሠራር እጅግ ስለ ተሻሻለ ጊዜው አጥሯል፤ ሆኖም ፈጽሞ አልቀረም።

ነገሩ ነጋዴውን ስለምን ይመለከተዋል?

አዲስ ሞተር ሳይክል በሃና ለሚኖር ባለ ሱቅ ቀላል ወጪ አይደለም። ገንዘቡ የሚገኘው ከእቁብ ወይም ከአንድ ዓመት የሰሊጥ ንግድ ትርፍ፤ አለዚያም ከብት ተሽጦ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር የምንዛሪ ዋጋ በብዙ ስለ ቀነሰ፤ ከውጭ አገር የሚመጣ ፒስተንም ሆነ የፒስተን ቀለበት በብር ሲታሰብ ከቀድሞው የበለጠ ይከብዳል። መለዋወጫው በጂንካ ባይገኝ ወደ አርባ ምንጭ ወይም ወደ አዲስ አበባ መላክ ግድ ነው። ሞተሩ በቆመባቸው ቀናት የሚታጣው ሥራ ደግሞ በመለዋወጫው ዋጋ ላይ ይታከላል።

ከዚህም በላይ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ፤ የተሽከርካሪ ንግድ ወደ ኤሌክትሪክ ማዘንበል መጀመሩን ያመለክታል። ይሁን እንጂ የኤሌክትሪክ መስመርና የባትሪ መሙያ ወደ ገጠሩ ሁሉ እስኪዘልቅ ድረስ በሩቅ ወረዳዎች የቤንዚን ሞተር በሥራ ላይ መቆየቱ አይቀርም። በእጅ ያለውን ሞተር ዕድሜ ማርዘም ስለዚህ የቁጠባ ብቻ ሳይሆን የሥራ ዋስትናም ጉዳይ ነው።

ሻጩም ከነገሩ ውጪ አይደለም። ያለ አገባብ የተነዳ ሞተር በስድስተኛው ወር ሲያጨስ ገዢው የሚወቅሰው ራሱን ሳይሆን ዕቃውንና ዕቃውን የሸጠለትን ሰው ነው። በአነስተኛ ከተማ ደግሞ ወሬ በአንድ የገበያ ቀን ዳር ይደርሳል።

በሞተሩ ውስጥ የሚሆነው

የአራት ምት ሞተር ሲሊንደር ግድግዳ ሲያዩት ለስላሳ ይመስላል። ነገር ግን ፋብሪካው ሆን ብሎ በመሳያ ድንጋይ እርስ በርሳቸው የሚሻገሩ ቀጫጭን ጭረቶችን ያወጣበታል። የጭረቶቹ ጎድጓዳ ስፍራ ዘይት ይዞ ለማቆየት ይጠቅማል። ከፍ ከፍ ያሉት ጫፎቻቸው ደግሞ ከፒስተኑ ቀለበቶች ጋር እየተፋተጉ እንዲላጩ የተዘጋጁ ናቸው። ቀለበቱ የሲሊንደሩን ልክ የሚይዘው በዚህ መፋተግ ነው፤ ልኩን ከያዘ በኋላ የሚነደው ጋዝ ወደ ታች አያመልጥም፤ ዘይትም ወደ ላይ አይወጣም።

ቀለበቱን ወደ ግድግዳው የሚገፋው በራሱ የመለጠጥ ኀይል ብቻ አይደለም። ቤንዚኑ ሲነድ የሚፈጠረው የጋዝ ግፊት ከቀለበቱ በስተጀርባ ገብቶ አጥብቆ ይጫነዋል። ስለዚህ ሞተሩ ምንም ሥራ ሳይሠራ ቢንተፋተፍ ቀለበቱ ግድግዳውን በሚገባ አይነካም፤ መጠነኛ ሥራ ሲሰጠው ግን ይነካል። ቀስ ብሎ መንዳት ብቻውን የማይበቃበት ምክንያት ይኸው ነው።

ጥፋቱ በሁለት በኩል ይመጣል። ሞተሩ ገና በመጀመሪያው ቀን ኀይሉ እስኪያልቅ ድረስ ቢነዳ፤ ያልተላጩት ጫፎች የሚፈጥሩት ግለት የዘይቱን ሽፋን ይበጥሰዋል፤ ብረት ከብረት ጋር ይነካካል፤ ፒስተኑም ይቧጠጣል፤ ሲብስም ተጣብቆ ይቀራል። በሌላ በኩል ባለቤቱ ከሚገባው በላይ ሠስቶ ሞተሩን ለሳምንታት ያለ ሥራ ቢያንተፋትፈው፤ የተቃጠለ ዘይት በጭረቶቹ ውስጥ እየሞላ ግድግዳውን እንደ መስተዋት ያብለጨልጨዋል። ከዚያ በኋላ ቀለበቱ ልኩን ሊይዝ አይችልም። ሞተሩ ዘይት መብላት ይጀምራል፤ መድኀኒቱም ሞተሩን ፈትቶ ሲሊንደሩን ወደ ቶርኖ ቤት መውሰድና አዲስ ቀለበት ማስገባት ብቻ ይሆናል።

ሁለት አስተሳሰቦች

ስለ ሞተር አገራር በዓለም ላይ የሚከራከሩ ሁለት ወገኖች አሉ። አንደኛው ወገን አብዛኞቹን ፋብሪካዎች የያዘ ሲሆን፤ ኀይልን ደረጃ በደረጃ እየጨመሩ መሄድን ይመክራል። ሁለተኛው ወገን በተለይ ለእሽቅድምድም ሞተር የሚሠሩ ሰዎች የሚደግፉት ነው። እነርሱ የግድግዳው ጭረት ስለት ያለው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ብቻ ስለ ሆነ፤ ቀለበቱን ለማስያዝ ሞተሩ አስቀድሞ በደንብ ሲሞቅ በየጊዜው ጠንከር ያለ ሥራ ይሰጠው ይላሉ።

ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት ነገር ግን ከሚለያዩበት ይበልጣል። ሞተሩ ከመነዳቱ በፊት ይሙቅ፤ በአንድ ፍጥነት ለረጅም ጊዜ አይሂድ፤ ያለ ሥራ ቆሞ አይንተፋተፍ፤ የመጀመሪያው ዘይት ቶሎ ይለወጥ ይላሉ። ለንግድ ሥራ ሞተር የሚገዛ ሰው የእሽቅድምድም ፈረሰኛ ስላልሆነ የፋብሪካውን መንገድ መከተል ይሻለዋል፤ የዋስትና ደብተሩም የሚጸናው በዚሁ መንገድ ነው። ከሁለተኛው ወገን ሊወስደው የሚገባ ትምህርት ቢኖር፤ መጠነኛ ሥራ አዲሱን ሞተር የሚጠቅመው እንጂ የሚጎዳው አለመሆኑን ነው።

ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት

ብዙ ሞተር ሳይክሎች ወደ አገር የሚገቡት ተፈታትተው በሣጥን ታሽገው ነው። ስለዚህ ሞተሩን የገጠመው ሰው ጥንቃቄ የመጀመሪያው የአገራር ሥራ ነው። ገዢው ዕቃውን ከመረከቡ በፊት የሚከተሉትን ቢመለከት ራሱን ይጠቅማል።

የዘይቱ መጠን በመለኪያው ምልክቶች መካከል ይሁን፤ አንዳንድ ሞተሮች ለማጓጓዝ ሲባል ዘይታቸው ተቀንሶ ወይም ጨርሶ ሳይሞላ ሊመጣ ይችላል። ባትሪው መጀመሪያ በሚገባ ይሞላ። የጎማዎቹ ነፋስ፤ የካቴናው ውጥረትና የፍሬኑ አያያዝ ይፈተሹ። ቡሎኖቹ ሁሉ በልካቸው መጥበቃቸው ይታይ፤ አዲስ ሞተር በጠጠር መንገድ ላይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቡሎን ማላላቱ የተለመደ ነገር ነው። የአየር ማጣሪያው በቦታው መኖሩ ይረጋገጥ። አዲስ ጎማም የራሱ መገራት አለው፤ ላዩ ገና የሚያዳልጥ ስለ ሆነ በመጀመሪያዎቹ 160 ኪሎ ሜትሮች ገደማ በኩርባ ላይ ማዘንበልና ድንገተኛ ፍሬን መያዝ አይገባም።

ኪሎ ሜትር በኪሎ ሜትር

የመጨረሻው ፈራጅ ከሞተሩ ጋር የሚሰጠው የፋብሪካ መጽሐፍ ነው። ያማሃ ለአንዳንድ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ሳይክሎቹ በመመሪያ መጽሐፍ ያወጣው ልክ ግን ለብዙዎቹ አነስተኛ ሞተሮች ጥሩ ምሳሌ ሊሆን ይችላል።

ከ0 እስከ 150 ኪሎ ሜትር፤ ነዳጅ መስጫው ለረጅም ጊዜ ከሲሶው በላይ አይከፈት። በየአንድ ሰዓቱ ጉዞ ሞተሩ ጠፍቶ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቀዝቅዝ። ፍጥነቱም በየጊዜው ይለዋወጥ።

ከ150 እስከ 500 ኪሎ ሜትር፤ ለረጅም ጊዜ ከግማሽ በላይ አይከፈት። ማርሾቹ ሁሉ በየተራ ሥራ ላይ ይዋሉ።

ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር፤ ለረጅም ጊዜ ከሦስት አራተኛው በላይ አይከፈት።

በ1,000 ኪሎ ሜትር፤ የሞተሩ ዘይት ይለወጥ፤ ማጣሪያውም ይጽዳ ወይም ይቀየር።

ሆንዳ በበኩሉ በመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትሮች ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ መነሣትን፤ ድንገተኛ ፍጥነት መጨመርን፤ ኀይለኛ ፍሬን መያዝንና ማርሽን ባንድ ጊዜ ማውረድን ያስጠነቅቃል። ሌሎች ፋብሪካዎች ደግሞ ለእያንዳንዱ ማርሽ የማይታለፍ ፍጥነት በኪሎ ሜትር ይወስናሉ። አነጋገሩ ቢለያይም ሐሳቡ አንድ ነው።

እዚህ ላይ በብዙ ነጂዎች ዘንድ የሚታይ አንድ ስሕተት መጥቀስ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ሰው «ሞተሩ እንዳይጮኽ» በማለት ከፍተኛ ማርሽ አስገብቶ በዝግታ ዳገት ይወጣል። የሞተሩ ጩኸት ይቀንሳል፤ ሸክሙ ግን ይበዛል፤ ሞተሩም እየተንዘፈዘፈ ይጨነቃል። ይህ በአዲስ ሞተር ላይ ከመጠነኛ ጩኸት ይልቅ የከፋ ጉዳት ያመጣል። ዳገት ሲመጣ ማርሽ አውርዶ፤ ሞተሩ ቀለል ብሎት እንዲዞር ማድረግ ተገቢ ነው።

በቤንዚኑ ውስጥ ዘይት እየተቀላቀለ የሚሠሩት የሁለት ምት ሞተሮች የራሳቸው ሕግ አላቸው። በነርሱ ላይ የዘይቱ መጠን በገዛ ግምት ሊወሰን አይገባም፤ የሞተሩ መጽሐፍ ያዘዘው ልክ ይፈጸም።

ቆላው፤ ዳገቱና አቧራው

በደቡብ ኦሞ የሚሠራ ሞተር በመጽሐፍ ላይ በቂ ስፍራ ያልተሰጣቸው ሦስት ጠላቶች አሉት።

የመጀመሪያው ሙቀት ነው። አብዛኛው አነስተኛ ሞተር የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው። በሲሊንደሩ ዙሪያ የተደረደሩት ክንፎች ግለቱን ለሚነፍሰው አየር ያስረክባሉ። ሞተሩ ቆሞ ሲንተፋተፍ፤ አለዚያም ሁለት ሰው ጭኖ በዝግታ ዳገት ሲወጣ ነፋሱ ያንሳል፤ ግለቱ ግን አያንስም። በክንፎቹ መካከል ጭቃ ደርቆ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ስለዚህ በቆላው አገር አዲስ ሞተር በጧትና በማታ ቢነዳ፤ ቀትር ላይ ግን በጥላ ቢያርፍ መልካም ነው። የጋለውን ሞተር በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ ብረቱን ሊሰነጥቀው ስለሚችል ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ከፍታም ከሙቀት ጋር የተያያዘ ጉዳይ ነው። ጂንካ ከባሕር ጠለል 1,500 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ በዚያ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው ከመቶ 14 እጅ ያህል ይሳሳል። የአዲስ አበባ አየር ደግሞ ከዚህም የሳሳ ነው። ሞተሩ ካርቡሬተር ያለው ሆኖ መካኒኩ በአዲስ አበባ ከፍታ ልክ ቤንዚኑን ቀንሶ ካስተካከለው፤ ወደ ቆላው ሲወርድ አየሩ ስለሚበዛ የሚገባው ቤንዚን አነስተኛ ይሆናል፤ ሞተሩም ከልኩ በላይ ይግላል። ከደጋ የመጣ ሞተር በሚሠራበት ስፍራ እንደገና መታየት አለበት የሚባለው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጠላት አቧራ ነው። በአየር ማጣሪያ በኩል ያመለጠ አቧራ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ እንደ መሳያ ዱቄት ሲሊንደሩን ይበላዋል። በጠጠር መንገድ ላይ በጭነት መኪና አቧራ ውስጥ ተከትሎ መሄድ ለአዲስ ሞተር መርዝ ነው፤ ቆም ብሎ ማሳለፍ ይሻላል። ማጣሪያው በደረቁ ወራት በየሳምንቱ ተፈትቶ ሊታይ ይገባዋል። «ሞተሩ ጉልበት እንዲያገኝ» በማለት ማጣሪያውን አውልቆ መንዳት ሞተሩን በገዛ እጅ መግደል ነው።

ሦስተኛው ጠላት የተበላሸ ቤንዚን ነው። ማደያ በራቀበት ስፍራ ቤንዚን በጀሪካንና በጠርሙስ እየተቀዳ ሲሸጥ ውሃና ቆሻሻ ሊገባበት ይችላል፤ ላምባ የሚቀላቅሉበትም አይጠፉም። ላምባ የገባበት ቤንዚን በሲሊንደሩ ውስጥ ያለ ጊዜው ስለሚነድ ሞተሩን ያንኳኳዋል፤ ሳይነድ የቀረውም የዘይቱን ሽፋን እያጠበ ወደ ዘይት ማጠራቀሚያው ይወርዳል። የተገራ ሞተር ይህን ለጥቂት ቀን ሊታገሥ ይችል ይሆናል፤ አዲስ ሞተር ግን አይታገሥም። በመጀመሪያዎቹ 1,000 ኪሎ ሜትሮች ከታመነ ማደያ የተቀዳ ቤንዚን በንጹሕ ዕቃ አስቀምጦ መጠቀም፤ ሲሞሉም በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል ይገባል።

ነድቶ ማምጣት ወይስ ጭኖ ማምጣት?

ሞተሩን ከአዲስ አበባ የሚገዛ የጂንካ ወይም የሃና ነጋዴ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። መንገዱ በወላይታ ሶዶ፤ በአርባ ምንጭ፤ በኮንሶና በቀይ አፈር አድርጎ ጂንካ እስኪደርስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ነድቶ ቢያመጣው የመኪና ኪራይ ይተርፍለታል። ነገር ግን ሒሳቡ እንደሚመስለው አይደለም። ሞተሩ ከተወሰነለት የመገሪያ ርቀት ከመቶ 70 እጅ የሚበልጠውን በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ይጨርሳል። በአስፋልት ላይ ለብዙ ሰዓት በአንድ ፍጥነት ይጓዛል፤ ይህም ሁለቱም ወገኖች የሚቃወሙት ነገር ነው። ከኮንሶ ከፍታ ወደ ወይጦ ሸለቆ ወርዶ በቆላው ሙቀት ካለፈ በኋላ ደግሞ ወደ ቀይ አፈር ዳገት ይጀምረዋል። ነጂው በደከመበት፤ ለመድረስም በቸኮለበት ሰዓት በየአንድ ሰዓቱ ቆሞ ሞተሩን ያቀዘቅዛል ብሎ ማመን ያስቸግራል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት የሚፈጸመው በእንዲህ ያለው ጉዞ ላይ ነው።

ስለዚህ በጭነት መኪና ማስጫን ይመረጣል። ሲጫንም ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ከመሪውና ከኋላው በገመድ ይታሰር፤ ቤንዚኑ ይቀዳ፤ የቤንዚን መዝጊያ ያለው ሞተር ከሆነም ይዘጋ። ሞተርን በጎኑ አስተኝቶ መጫን የባትሪውን አሲድ ያፈስሳል፤ ዘይቱንም ወደማይገባው ስፍራ ያስኬደዋል። የግድ ነድቶ የሚያመጣ ሰው ቢኖር መንገዱን በአራት ቀን ይከፋፍለው፤ ፍጥነቱን በየጥቂት ደቂቃው ይለዋውጥ፤ ሰውም ሆነ ዕቃ አይጫን፤ ዘይቱንም በየጧቱ ይመልከት።

የግዢውን ጊዜ መምረጥም የንግድ ጥበብ ነው። በቀን 35 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር 1,000ውን ለመሙላት አንድ ወር ያህል ይፈጅበታል። በዚያ ወር ውስጥ ሙሉ ጭነት ሊጫንበት አይገባም። ስለዚህ የሰሊጥ መሰብሰቢያው ወራት ከደረሰ በኋላ ሞተር የሚገዛ ነጋዴ ወይ ሞተሩን ይጎዳል፤ ወይ ሥራው ይጎዳበታል። ከወራቱ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ የሚገዛው ግን ሞተሩን ጋብ ባለው ጊዜ፤ ወደ ቅርብ መንደሮች ባዶውን ወይም በቀላል ጭነት እየተመላለሰ ይገራዋል። ግርግሩ ሲመጣም የተገራ ሞተር ይኖረዋል።

ዘይት

ወፍጮ አዲስ በተወቀረበት ዕለት የሚወጣው የመጀመሪያው ዱቄት የድንጋይ ብናኝ እንደሚቀላቀልበት የማያውቅ ባለ ቤት የለም፤ ያን ዱቄት ለእንጀራ የሚያቦካው አይገኝም። የአዲስ ሞተር የመጀመሪያው ዘይትም እንዲሁ ነው። ከቀለበቱ፤ ከሲሊንደሩና ከማርሹ የተላጨው የብረት ብናኝ በዘይቱ ውስጥ ይንሳፈፋል። ዘይቱ መልኩ ገና ቢያምርም ብናኙን ይዞ በየመጋጠሚያው ይዞራል። የመጀመሪያው ለውጥ ፋብሪካው እንደሚያዘው ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ባለው ርቀት ላይ መፈጸም ያለበት ስለዚህ ነው። በአቧራማ አገር ለሚሠራ ሞተር ከተወሰነው ርቀት ማስቀደም ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም።

ዘይቱን ለሚሸጠው ባለ ሱቅ ደግሞ ሌላ ቁም ነገር አለ። በአብዛኛው ሞተር ሳይክል ላይ አንዱ ዘይት ሞተሩን፤ ማርሹንና ፍሪሲዮኑን ባንድነት ያገለግላል። ለዘመናዊ መኪና ከተዘጋጁት ዘይቶች አንዳንዶቹ ቤንዚን ለመቆጠብ ሲባል ፍትጊያን በብዙ የሚቀንስ ቅመም ስላለባቸው፤ በዘይት ውስጥ የሚሠራውን ፍሪሲዮን ያንሸራትቱታል። ለዚህም ነው የጃፓን የአውቶሞቢል ደረጃዎች ድርጅት፤ በአጭሩ ጃሶ የሚባለው፤ በ1998 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለሞተር ሳይክል ዘይት ልዩ ደረጃ ያወጣው። ኤም ኤ የሚል ምልክት ያለበት ዘይት በዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን ይስማማል። ኤም ቢ የሚለው ፍትጊያን ይበልጥ ስለሚቀንስ ለዚህ ዓይነቱ ፍሪሲዮን አልተዘጋጀም። የዘይቱ ውፍረት ደግሞ የሞተሩ መጽሐፍ ያዘዘው ይሁን። ባለ ሱቁ እነዚህን ምልክቶች አንብቦ ቢያዝና ለደንበኛው ቢያስረዳ፤ በአንድ ጠርሙስ ዘይት ከሚያገኘው ትርፍ የበለጠ አመኔታ ያተርፋል።

የአስመጪው፤ የሻጩና የባለቤቱ ድርሻ

ሞተር ሳይክል ከፋብሪካ ወጥቶ ሃና እስኪደርስ በብዙ እጅ ያልፋል፤ እያንዳንዱ እጅም የራሱ ኀላፊነት አለበት።

አስመጪው ዕቃውን ሲያዝ መጽሐፉን አብሮ ማሰብ አለበት። በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ የታተመ መጽሐፍ ለገጠር ገዢ የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው። አንድ ገጽ የአማርኛ ካርድ፤ የኪሎ ሜትሩን ደረጃዎች፤ የዘይቱን ዓይነትና የመጀመሪያውን ምርመራ ቀን የያዘ፤ በቤንዚን ቋቱ ላይ ተለጥፎ ቢሰጥ ወጪው ከምንም የማይቆጠር ነው። ሰላማጎ የቦዲ፤ የሙርሲና የዲሜ ብሔረሰቦች አገር ስለ ሆነ፤ በጂንካና በሃና ያለው ሻጭ ደግሞ ጽሑፉን ገዢው በሚሰማው ቋንቋ በቃል ማስረዳት ይገባዋል። ማንበብ ለማይችል ሰው ነዳጅ መስጫው እስከ የት እንደሚከፈት በቀለም ምልክት ማድረግ ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

ሻጩ ሌላም ግዴታ አለበት። የመጀመሪያው ምርመራ ሳይዘለል እንዲፈጸም ገዢውን በቀን ሳይሆን በኪሎ ሜትር መቅጠር ይገባዋል፤ ለዚህም ዘይቱንና ማጣሪያውን አስቀድሞ በመጋዘኑ ያኑር። ብዙ ፋብሪካዎች ምርመራው በጊዜው ካልተፈጸመ ዋስትናውን አይቀበሉም። ምርመራውም ዘይት መለወጥ ብቻ አይደለም፤ የቫልቮቹ ክፍተት ይለካል፤ ካቴናው ይወጠራል፤ ቡሎኖቹም እንደገና ይጠብቃሉ።

የሞተሩ ባለቤት ደግሞ ሊያስብበት የሚገባው ትልቁ ነገር ሞተሩን ማን እንደሚነዳው ነው። ሞተሩን ለወጣት ነጂ ሰጥቶ በየቀኑ የተወሰነ ገንዘብ የሚቀበል ባለቤት፤ ነጂው ቶሎ ቶሎ እንዲመላለስና ብዙ ሰው እንዲጭን ራሱ ያስገድደዋል። ነጂው የቀን ገቢውን አስረክቦ የተረፈው የርሱ ስለ ሆነ ለሞተሩ የሚያዝንበት ምክንያት የለውም። ቢቻል በመጀመሪያው ወር ባለቤቱ ራሱ ይንዳው፤ አለዚያም ለዚያ ወር ብቻ ለነጂው የወር ደመወዝ ቆርጦ የቀን ገቢውን ይተውለት። የአንድ ወር ገቢ መቀነሱ የሚያስቆጭ ቢመስልም፤ የሲሊንደርና የፒስተን ዋጋ ሲታሰብ የሚያስቆጭ አይደለም።

አገራሩ መልካም መሆኑን ወይም መበላሸቱን የሚያሳዩ ምልክቶችም አሉ። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ካንዴላው ሲፈታ ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ መልክ ካለው ሥራው ደህና ነው። ጥቁርና በዘይት የራሰ ከሆነ ዘይት ወደ ላይ እየወጣ ነው ማለት ነው። ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ነጭ ሆኖ ከታየ ደግሞ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል። ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ዘወትር መውጣቱና የዘይቱ መጠን በየሳምንቱ መቀነሱ ቀለበቱ አለመያዙን ያስረዳሉ። ይህ ገና በዋስትናው ጊዜ ከታየ ሳይውል ሳያድር ለሻጩ ማስታወቅ ያስፈልጋል።

የሞተሩ ገዢ እነዚህን ሁሉ በአንድ ትንሽ ደብተር ቢመዘግብ፤ ማለት ቀኑን፤ ኪሎ ሜትሩን፤ የተለወጠውን ዘይት ዓይነትና የተደረገውን ጥገና፤ ሁለት ጥቅም ያገኛል። ከሻጩ ጋር ክርክር ቢነሣ ማስረጃ ይሆነዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሞተሩን ለመሸጥ ቢፈልግ በጂንካ የቅዳሜ ገበያ ዕለት የሚመጣው ገዢ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ሞተሩ ተከፍቶ እንደሆነ፤ ዘይትም ይበላ እንደሆነ ነው። ደብተሩን አውጥቶ የሚያሳይ ሻጭ በዋጋው ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልገውም።